ዘፈኑ የማን ነው?

(በንባብ ክበባችን የውይይት ምሽት ያደረግሁት ንግግር ነው። እንደተናገርኩት ጻፍኩት፤ ጥቂት ቦታ ብቻ አሳጥሬዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ! እንኳን ደህና መጣችሁ። ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ፣ ልጆቻችሁን ለሰው አደራ ብላችሁ የመጣችሁ፣ መጽሐፉን ሳትጨርሱ የመጣችሁም ጭምር፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያልጨረሳችሁ ግን ይቅርታ አድርጉልኝ። ዛሬ መጨረሻውን እናገራለሁ። መጨረሻውን ሳልነካ ስለዚህ መጽሐፍ ማውራት አልችልም።

ንግግሬ ስለ መጽሐፉ ብቻ አይደለም። ስለ እናንተም ነው። ባለፉት ሦስት ሳምንታት ስንገናኝም፣ ስልክ ስንደዋወልም፣ ስለዚህ ልቦለድ ያላችሁኝን ሁሉ ስጽፍ ነበር። ስለ ሌላ መጽሐፍ እንዲህ ተከራክረን አናውቅም። አንዳንዶቻችሁ አልቅሳችኋል። አንዳንዶቻችሁ ተቆጥታችሁ ለሁለት ቀን አስቀምጣችሁታል። አንድ ወንድማችን "ይህን መጽሐፍ ለምን አስመረጥሽን?" ብሎኛል። ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ዛሬ ከልቤ እመልስለታለሁ።

ላላነበባችሁ ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ። ሁለት ሴት ልጆች አብረው ያድጋሉ። አንዷ ትዘፍናለች። ሌላዋ ግጥምና ዜማ ትሠራለች። አንድ ማናጀር ይሰማቸዋል፤ የሚፈልገው ግን ዘፋኟን ነው። ውል የሚፈረም ዕለት ዘፋኟ ቢሮ ትገባለች፤ ጓደኛዋ ኮሪደር ላይ ትቀመጣለች። በሩ ይዘጋል። ደራሲው እኛንም ከበሩ ውጪ ያስቀረናል። ውስጥ ምን እንደተባለ እስከ መጨረሻው አናውቅም። ከዚያ አልበሙ ይወጣል። ሽፋኑ ላይ ያለው አንድ ስም ነው። ውስጡም ቢገለጥ አንድ ስም ነው። ዘፋኟ ስታዲየም የምትሞላ ትሆናለች። ጓደኛዋ አንድም ቀን "የኔስ?" ብላ አትጠይቅም። ከብዙ ዓመት በኋላ ቲኬት ቆርጣ ኮንሰርቷን ታያለች። የራሷን ግጥም ሺዎች ሲዘፍኑት ትሰማለች። ሳያልቅ ተነስታ ትወጣለች።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛው "ዝና አበላሻት" የሚለው አስተያየታችሁ ነው። ሁለተኛው "ለምን ዝም አለች?" የሚለው ጥያቄያችሁ። ሦስተኛው መጨረሻው።

አንደኛውን ልጀምር። ማስታወሻዬ ላይ ከሁሉም በላይ የተደጋገመው ይኸው ነው። "ደግ ልጅ ነበረች፤ ዝና አበላሻት።" አንዱ ሲለኝ ሌላው ይደግመዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። በዝና ላይ መፍረድ ቀላል ነው። ዝና ፊት የለውም። መልስ አይሰጥም። ይግባኝ አይልም። ጥፋቱን ሁሉ እሱ ላይ ከጫንን ማንንም ሳንጠይቅ መጽሐፉን እንዘጋለን።

እስቲ ልጠይቃችሁ። የተበላሸችው መቼ ነው? ገጹን አሳዩኝ።

አንድ ወዳጃችን ስታዲየሙን አሳየኝ። ሌላዋ አልበሙ የወጣበትን ምዕራፍ። አብዛኞቻችሁ ደግሞ ኮሪደሩን። እኔ ከዚያ በጣም ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ አንድ የልደት ግብዣ አለ። ትዝ ይላችኋል? ሳሎኑ ውስጥ ስምንት ሰው ነው ያለው። ልጅቷ ትዘፍናለች፤ ይጨበጨብላታል። አንዲት ሴትዮ "ውይ ሲያምር! ዘፈኑ የማን ነው?" ትላለች። ልጅቷ "የኔ" ትላለች። ጓደኛዋ ብርጭቆ እየሰበሰበች ነበር። ቀና ብላ ፈገግ ትላለች። በቃ። ደራሲው ምንም አይጨምርም፤ አልፎ ይሄዳል። እኛም አብረን አለፍን። እኔ ራሴ መጀመሪያ ሳነበው አልፌዋለሁ።

እዚያ ሳሎን ውስጥ ዝና ነበረ? ገንዘብ ነበረ? ማናጀር ነበረ? አልነበረም። ስምንት ሰው ብቻ ነበረ። ዘፈኑ የማን ነው? "የኔ።" ስንጥቁ እዚያች ቃል ላይ ነው ያለው።

ይህ በልቦለድ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። አሜሪካውያኑን ዘፋኞች ፖል ሳይመንና አርት ጋርፈንከልን ውሰዱ። (የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የተዋወቁት በ1953 ኒውዮርክ ውስጥ ነው፤ ልጆች ሳሉ፣ በትምህርት ቤት ቴአትር ላይ። በ1957 "ቶም ኤንድ ጄሪ" በሚል ስም አንድ ዘፈን አወጡ። ገና 16 ዓመታቸው ነበር። ዘፈኑ ትንሽ ተሰማላቸው። ብዙም ሳይቆይ ሳይመን ለጓደኛው ሳይነግረው፣ በሌላ ስም፣ ለብቻው አንድ ዘፈን ቀረጸ። ጋርፈንከል ይህን እንደ ክህደት ቆጠረው። ከዚያ በኋላ ዓለም አወቃቸው። በ1970 ተለያዩ። በ1981 ሴንትራል ፓርክ ውስጥ እንደገና አብረው ሲዘፍኑ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው እንደተሰበሰበ ይነገራል። ይህ ሁሉ ሆኖ ጋርፈንከል ያቺን የልጅነት ዘፈን አልረሳትም። ግማሽ ሚሊዮን ሰው አጨብጭቦም አልጠፋችለትም። ታዲያ ያቺን ቁስል ዝና ነው ያመጣት? ቁስሏ የመጣችው ከዝና በፊት ነው።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። ለብዙ ዓመት ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

እኔም እንደዚያች ጸሐፊ ያለች ጓደኛ ነበረችኝ። አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምንቀመጠው። አንድ ወፍራም ደብተር ነበረን። እሷ ግጥም ትጽፋለች፤ እኔ አዜማለሁ፤ ሲመሽ ደብተሩን አንድ ቀን እሷ፣ አንድ ቀን እኔ ይዘን እንገባለን። ትምህርት ሲዘጋ በተዘጋጀ ፕሮግራም ላይ አንዱን ዘፈን ዘፈንኩ። ስወርድ አንድ መምህር ትከሻዬን ይዘው "ግጥሙን ማን ጻፈልሽ?" አሉኝ። "እኔው ነኝ" አልኩ። ጓደኛዬ አጠገቤ ቆማ ነበር። አልተቆጣችም። አላረመችኝም። ፈገግ አለች። አሁን ድረስ ያ ፈገግታ ይታየኛል።

እኔ ዘፋኝ አልሆንኩም። ዝና የሚባል በደጄ አላለፈም። ስለዚህ "ዝና አበላሻት" ስትሉኝ እኔን ምን ልትሉኝ ነው? እኔን ማን አበላሸኝ? አንድ ጭብጨባ። የአንድ መምህር እጅ ትከሻዬ ላይ ማረፉ። በቃ ይህችው በቃችኝ።

ግን እዚህ ላይ ራሴን ላርም። ከመካከላችሁ አንዲት እህት "ሁሉን በሁለቱ ልጆች ላይ አትጫኚ። የሙዚቃው ንግድስ የት ሄደ?" ብላኛለች። ሳስበው እውነቷን ነው።

ሱፕሪምስ የሚባለውን የሴቶች የዘፈን ቡድን ታሪክ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ዳያና ሮስ፣ ሜሪ ዊልሰንና ፍሎረንስ ባላርድ ከዲትሮይት የወጡ፣ ከልጅነታቸው አብረው የዘፈኑ ልጆች ናቸው። በ1964 እና በ1965 አምስት ዘፈኖቻቸው በተከታታይ በአሜሪካ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጡ። "ሱፕሪምስ" የሚለውን ስም ከቀረቡላቸው ስሞች መሀል የመረጠችው ባላርድ ነበረች። በ1967 የቡድኑ ስም ተቀየረ። "ዳያና ሮስ ኤንድ ዘ ሱፕሪምስ" ሆነ። ባላርድ የመረጠችው ስም ከሌላ ሰው ስም ኋላ ተሰለፈ። በዚያው ዓመት እሷ ራሷ ከቡድኑ ወጣች፤ ቦታዋ ላይ ሌላ ዘፋኝ ተተካች። በ1976 አረፈች። 32 ዓመቷ ነበር።

ይህን ሦስት ጓደኛማቾች ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው አልወሰኑትም። ድርጅት አለ፣ ሂሳብ አለ፣ የሚሸጥ ስም አለ። ጓደኛ የሰነጠቀውን፣ ድርጅት ገብቶ ሊሰብረው ይችላል። ያልተሰነጠቀውንም ሊሰብረው ይችላል። ስለዚህ እህቴ፣ ተቀብያለሁ። መጽሐፉ ግን እዚህ ላይ ደካማ ነው። ማናጀሩ ሰው አይመስልም። ከገባበት ገጽ እስከወጣበት ገጽ ክፉ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ማንንም አያታልልም። በእውነት የሚያታልለው የሚወደን፣ ስልክ የሚደውልልን፣ እናታችን ስትታመም ሆስፒታል የሚመጣው ማናጀር ነው። ስለ ኮንሰርት ጉዞዎቹ የተጻፉት ምዕራፎችም ረዝመውብኛል። ብዙዎቻችሁ እንደዘለላችኋቸው ነግራችሁኛል። አልፈርድባችሁም።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ነው፤ ታገሱኝ።

"ለምን ዝም አለች?" ይህን የጠየቃችሁኝ ሰዎች ድምፃችሁ ይቀየር ነበር። አስተዋልኩት። በከዳችው ልጅ ከተናደዳችሁት ይልቅ ዝም ባለችው ነው የተናደዳችሁት። የሚገርም ነገር ነው። በዳይዋን "ምን ታድርግ" ብላችሁ አለፋችኋት። ተበዳይዋን ግን "አፍ የላትም ወይ?" አላችኋት።

አንድ አዛውንት አባላችን "ዝም ያለችው ስለምትወዳት ነው" አሉኝ። አንዲት ወጣት ደግሞ "ፍቅር ምናምን አይደለም፣ ፈርታ ነው" አለችኝ። ሌላ ሰው "ኩራት ነው" አለ። አንድ ሌላ ወንድማችን "ገንዘብ እኮ አይደለም ቁም ነገሩ" አለ።

ከገንዘቡ ልጀምር፤ ቁም ነገር ነውና። አንድ ዘፈን ውስጥ ሁለት መብት አለ። አንዱ የድርሰቱ ነው፤ የግጥሙና የዜማው። ሌላው የቅጂው ነው፤ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸው ድምፅ። ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ኪስ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። አሜሪካን ብንወስድ፣ አንድ ዘፈን በተለመደው ሬዲዮ ሲተላለፍ ክፍያው ለድርሰቱ ባለቤቶች ነው የሚሄደው። ዘፋኙ ድርሰቱ ውስጥ ከሌለበት ከዚያ ምንም አያገኝም። በሌላ በኩል ዘፋኝ ሲፈርም የሚሰጠው ቅድመ ክፍያ ስጦታ አይደለም። ከሮያሊቲው፣ ማለትም ከሽያጩ ከሚደርሰው ድርሻ ላይ ይቆረጣል። ብዙ ጊዜ የስቱዲዮው ወጪም እንዲሁ ይቆረጣል። አልበሙ ተሽጦ፣ ስሙ ገንኖ፣ ዘፋኙ ግን ገና ባለዕዳ ሊሆን ይችላል።

ይህን ካወቃችሁ በኋላ መጽሐፉን እንደገና ክፈቱት። ዘፋኟ ከረጅሙ ጉዞ ተመልሳ ሆቴል አልጋ ላይ የሂሳብ ወረቀት የምታነብበት ቦታ አለ። ያላት ዕዳ ነው። ጓደኛዋ በስሟ ተጽፎላት ቢሆን ኖሮ በየሬዲዮው ጣቢያ፣ በየቀኑ፣ ቤቷ ተቀምጣ ድርሻዋን ታገኝ ነበር። ምናልባትም ከዘፋኟ የተሻለ ትኖር ነበር። የሽፋኑ ስም ቀርቶ፣ ውስጥ በትንሽ ፊደል የሚጻፈው ስም ነው ሕይወት የሚቀይረው። ዘፈኑ የማን ነው? ጥያቄው የፍቅር ጥያቄ ነው። የቤት ኪራይ ጥያቄም ነው። ሁለቱን ለያይታችሁ አታንብቡት።

ታዲያ ለምን አልጠየቀችም?

ፕሮኮል ሃረም የሚባል የእንግሊዝ ባንድ ነበረ። በ1967 ያወጡትን ዝነኛ ዘፈን ስሙን ባታውቁት እንኳ ኦርጋኑን ብትሰሙት ታውቁታላችሁ። ያንን ኦርጋን የተጫወተው ማቲው ፊሸር ነው። ዘፈኑ ግን የተመዘገበው በሌሎች ሁለት ሰዎች ስም ነበር። ፊሸር በ1969 ባንዱን ለቀቀ። ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ እንደገና አብሯቸው ተጫወተ። ያቺኑ ዘፈን፣ ያንኑ ኦርጋን፣ ከእነዚያው ሰዎች ጋር። ፍርድ ቤት የሄደው በ2005 ነው። ከ38 ዓመት በኋላ ማለት ነው! የመጀመሪያው ፍርድ ቤት በ2006 የዜማውን 40 በመቶ ፈረደለት። ይግባኝ ሰሚው ደግሞ በ2008 "አብሮ መድረሱ እውነት ነው፤ ግን በጣም ዘግይቷል" ብሎ ገንዘቡን ከለከለው። በመጨረሻ ጉዳዩ የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ዳኞች ዘንድ ደረሰ። በ2009 በሙሉ ድምፅ ፈረዱለት። እንዲህ ያለውን መብት ለመጠየቅ የጊዜ ገደብ የለውም አሉ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት። "አፍ የለውም ወይ?" ትሉታላችሁ? በፊሸር ልብ ውስጥ ምን እንደነበረ አልናገርም። ስለ ልቦለዷ ልጅ ግን የመሰለኝን ልናገር። ጓደኛህን "ድርሻዬ ስንት ነው?" ብለህ ከጠየቅህ በመካከላችሁ ሂሳብ እንዳለ ታምናለህ። እስክትጠይቅ ድረስ ግን "እሷ ታውቃለች፤ አንድ ቀን ራሷ ትለዋለች" እያልክ መኖር ትችላለህ። ልጅቷ የምትጠብቀው ገንዘቡን አልነበረም። ጓደኛዋ ሳትጠየቅ እንድትለው ነበር። ከጠየቀቻት በኋላ የሚመጣው ቃል አይጥማትም። ስለዚህ ዝምታዋ ፍርሃት ብቻ አልመሰለኝም። ተስፋ ነው። ክፉው ነገርም ይኸው ነው፤ ተስፋ ስለሆነ ዕድሜ ልክ ይቆያል።

አንድ ሰው ተነስቶ "እንግዲያው ገና በልጅነታቸው ቢዋዋሉስ?" ሊለኝ ይችላል። የቢትልስ ባንዶቹ ጆን ሌነንና ፖል ማካርትኒ እንዲያ አድርገዋል። በ1957 ሊቨርፑል ውስጥ ሲተዋወቁ አንዱ 16፣ ሌላው 15 ዓመቱ ነበር። አንዱ ብቻውን ቢጽፈውም ዘፈኑ በሁለታችንም ስም ይሁን ተባባሉ። ቆንጆ ስምምነት ነው። በልጅነት እንዲህ ያለ ቃል የተለዋወጠ ሁሉ የታደለ ነው። ግን እነሱም በ1970 መጨረሻ ፍርድ ቤት ደረሱ፤ ሽርክናቸው እንዲፈርስ ማካርትኒ ሌሎቹን ሦስት የባንዱን አባላት ከሰሰ። ሌነን ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2002፣ ማካርትኒ ባወጣው የኮንሰርት አልበም ላይ በቢትልሶቹ ዘፈኖች የራሱን ስም አስቀደመ። ከሌነን ባለቤት ጋር ውዝግብ ተነሳ። የስም ቅደም ተከተል ነው እኮ! ማን ይቅደም፣ ማን ይከተል። ውሉ ጥሩ ነው፤ ይኑር እላለሁ። ግን ከ45 ዓመት በኋላም ሰው የሚጠይቀው ያንኑ ነው። ዘፈኑ የማን ነው?

ሦስተኛው መጨረሻው ነው። ይህን ባጭሩ ነው የምለው።

ብዙዎቻችሁ መጨረሻውን ጠልታችሁታል። "እንዴት ሳይገናኙ ይለያያሉ?" አላችሁ። "እንዴት አትጠብቃትም? ከመድረክ ኋላ ሄዳ አታቅፋትም?" አላችሁ። ተረድቻችኋለሁ። እኔም መጀመሪያ እንደዚያው ተሰምቶኛል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ልጅቷ ከስታዲየሙ የምትወጣው መቼ ነው? የመጨረሻው ዘፈን ሲጀመር ነው። የቱ ዘፈን? ያ የልደት ግብዣው። ዘፋኟ ማይኩን ይዛ "ይህን ዘፈን..." ትላለች። ጓደኛዋ ያን ጊዜ በሩ ላይ ናት። በሩ ይዘጋል። እኛም ከእሷ ጋር ውጪ ነን። "ይህን ዘፈን የጻፈችው ጓደኛዬ ናት" አለች? ወይስ "ይህን ዘፈን ለናንተ" አለች? አናውቅም።

ኮሪደሩን አስታውሱ። ደራሲው ሁለት ጊዜ በር ዘግቶብናል። በመጀመሪያው ልጅቷ ውጪ የቀረችው ስላልተጠራች ነው። በሁለተኛው ራሷ ወጣች። ልዩነቱን አያችሁት? እኔ ይህን ካየሁ በኋላ መጨረሻውን ወደድኩት። ደግሞም አመመኝ።

መጽሐፉን እንደጨረስኩ በማግስቱ ለዚያች ለጓደኛዬ ደወልኩላት። ቁጥሯን ለማግኘት ሦስት ሰው ጠየቅሁ። ስለ ፕሮግራሙ፣ ስለ መምህሩ፣ "እኔው ነኝ" ስላልኩት ሁሉ ነገርኳት። ይቅርታ ጠየቅሁ። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ "ያን ቀን አላስታውሰውም" አለችኝ። "እኔ የማስታውሰው ደብተሩን ነው። አንቺ ጋ ነበር የቀረው። ስንት ጊዜ ልጠይቅሽ ብዬ ተውኩት።"

ለካ እኔ ስለ አንድ ቃል ስጨነቅ፣ እሷ ስለ ደብተሩ ነበር የምታስበው። ሙሉውን ደብተር! እኔ ጋ መቅረቱን እንኳ ረስቼው ነበር።

ፈለግሁት። የድሮ ልብስ ያለበት ሻንጣ ሥር አገኘሁት። ያንን ዘፈን ገለጥኩ። አራት አንጓ ነው። ሁሉም በእሷ የእጅ ጽሑፍ ነው። የኔ እጅ ያለበት ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ሰርዤ በላያቸው ሌላ ጽፌያለሁ። ከእሷ ቃላት የተሻሉ አይደሉም።

ባለፈው ሳምንት በፖስታ ላክሁላት። እስካሁን መልስ አልመጣም።

ማይኩን ለእናንተ ልስጥ። መጀመሪያ ግን "ለምን አስመረጥሽን?" ያልከኝ ወንድሜ፣ እስቲ አንተ ጀምር። የቱ ገጽ ላይ ነው የተቆጣኸው?